ዳይናሚክ ኢምፖርት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ ልጅ ኮዱን እንድመለከትለት ላከልኝ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ያለ ቁጥር በየ10 ደቂቃው ይቀየራል። ዋናው ፕሮግራም ቁጥሩን ለማግኘት በየ10 ደቂቃው «ኢምፖርት ሞጁል» የሚለውን ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ይጠራል። ሞጁል ማለት ኮድ ያለበት የፓይተን ፋይል ነው፤ ኢምፖርት ማለት ደግሞ ያንን ፋይል ፕሮግራሙ ውስጥ መጫን። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። «ዳይናሚክ ኢምፖርት እኮ ነው የተጠቀምኩት፣ ለምን አያድስልኝም?» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። አንድ አስተማሪ ቪዲዮ ላይ «ዳይናሚክ ኢምፖርት ማለት ፋይሉ በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ የሚነበብበት መንገድ ነው» ሲል ሰምቶ ነው።

ይህን አባባል ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራ ፈላጊዎችን ስንፈትን ሰምቼዋለሁ። ዓመታት ከሠሩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው። ቀላል ስህተትም አይደለም፤ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ውስጥ ሲገባ ሰው ይጎዳል።

«ዳይናሚክ» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ሞጁሉ ስም ነው። ስለ ይዘቱ አይደለም። በተራው ኢምፖርት የሞጁሉን ስም ኮዱ ላይ ትጽፉታላችሁ። በዳይናሚኩ ስሙ ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) ሆኖ ይመጣል፤ ከኮንፊግ ፋይል ወይም ከዳታቤዝ ሊሆን ይችላል። የትኛው ሞጁል እንደሚጫን የሚወሰነው ፕሮግራሙ ራን እያደረገ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ ሁለቱም በአንድ በር ነው የሚገቡት።

«ራን ታይም ላይ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ) መጫን» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ፓይተን ላይ ተራው ኢምፖርት ራሱ ራን ታይም ላይ ነው የሚሠራው። ፈንክሽን ውስጥ ብታስገቡት ፈንክሽኑ እስኪጠራ ምንም አይጫንም። ከሲ ቋንቋ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፤ እዚያ «ኢንክሉድ» የሚባለው ኮዱ ኮምፓይል ከመደረጉ (ወደ ማሽን ቋንቋ ከመተርጎሙ) በፊት የአንዱን ፋይል ጽሑፍ ሌላው ውስጥ ይለጥፋል። ፓይተን ምንም አይለጥፍም።

ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። ጃንጎ የሚባለውን የፓይተን የዌብሳይት መሥሪያ የነካ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። ሴቲንግስ ፋይሉ ላይ የአፖቹን ስም በስትሪንግ ትዘረዝራላችሁ፣ ጃንጎ ሲነሳ እየፈለገ ይጭናቸዋል። እኛም አንድ ፕሮጀክት ላይ ለእያንዳንዱ የክፍያ ዓይነት አንድ ሞጁል ጽፈን፣ ደንበኛው የመረጠው ብቻ እንዲጫን አድርገን ነበር። አዲስ የክፍያ ዓይነት ሲመጣ ዋናውን ኮድ መንካት አያስፈልግም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ።

ጎረቤት ቡና ሲጠራራ አስቡት። የመጀመሪያው እንግዳ ሲመጣ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። የመጀመሪያው ኢምፖርት ይህ ነው። ፓይተን ፋይሉን ይፈልጋል፣ ሞጁሉን «ሲስ ሞጁልስ» የሚባል ዲክሽነሪ (ነገሮች በስማቸው የሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ በስሙ ያስቀምጠዋል፣ ፋይሉንም አንብቦ ከላይ እስከ ታች ራን ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ እንግዳ እንደገና የሚቆላ ቡና የለም። ከዚያው ጀበና ይቀዳለታል። እንግዳው በተራው ኢምፖርት መጣ በዳይናሚኩ፣ ለጀበናው ለውጥ የለውም። ልጁ በየ10 ደቂቃው ሲጠራ የነበረው ይህንኑ የተፈላ ቡና ነው። ፋይሉን ዞር ብሎ ያየው የለም።

በነገራችን ላይ፣ ሞጁሉ ዲክሽነሪው ውስጥ የሚገባው ኮዱ ራን ከመደረጉ በፊት ነው። ሁለት ፋይሎች እርስ በርሳቸው ኢምፖርት ሲያደርጉ አንደኛው ገና ያልፈላ ቡና የሚቀዳለት ለዚህ ነው። «ይህ ስም የለም» የሚለው ኤረር የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ታዲያ የተጫነን ሞጁል እንደገና የሚጭን ሪሎድ የሚባል ፈንክሽን አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። በፓይተን 2 ዘመን ኢምፖርት ሳይደረግ በቀጥታ የሚጠራ ፈንክሽን ነበር። ከፓይተን 3.4 (እ.ኤ.አ. 2014) ጀምሮ የሚገኘው «ኢምፖርትሊብ» የሚባል ሞጁል ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሪሎድ ጀበናውን አጥቦ አዲስ ቡና የሚያፈላ ይመስለዋል። አይደለም። ሪሎድ ቶና ነው። ጀበናው ያው ነው፣ የአቦሉ አተላ አልተደፋም። ትንሽ አዲስ የተወቀጠ ቡና ተጨምሮበት ነው እንበል፣ ኮዱ በእርግጥ ከፋይሉ እንደገና ስለሚነበብ። አተላው ግን አለ።

አተላው ምንድን ነው? ከፋይሉ ላይ አንድ ፈንክሽን አጥፍታችሁ ሪሎድ ብታደርጉ፣ ፈንክሽኑ ሞጁሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሪሎድ አዲሱን ኮድ በድሮው የስሞች ዲክሽነሪ ላይ ነው ራን የሚያደርገው። እንደገና የተጻፈው ስም ይተካል፣ ያልተጻፈው ይቀመጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ደህና ይሠራል። ሰርቨሩ ሪስታርት በተደረገ ቀን ግን ይሰበራል፤ ማንም ምንም ሳይነካ።

ከሁሉ የባሰው ሲኒው ነው። ፓይተን 3 በፊደላችን የቫሪያብል ስም መጻፍ ስለሚፈቅድ በአማርኛ ላሳይ። «ክፍያ» የሚባል ሞጁል አለን እንበል። ውስጡ አንድ መስመር አለ፦ «ተመን = 5»። አንዱ ፋይል ሞጁሉን ሙሉውን ኢምፖርት አድርጎ፣ በፈለገ ቁጥር «ክፍያ.ተመን» እያለ ይጠይቃል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ወደ ጀበናው ነው የሚሄደው። ሌላው ፋይል «ፍሮም ክፍያ ኢምፖርት ተመን» ብሏል። ይኼኛው በሲኒው ቀድቶ ሄዷል። አሁን ፋይሉን 7 አድርጋችሁ ሪሎድ ስታደርጉ የመጀመሪያው 7 ያያል። የሁለተኛው ሲኒ ላይ ያለው 5 ነው። ጀበናው ላይ ምንም ቢደረግ የተቀዳ ሲኒ አይለወጥም።

ይህ የወረቀት ላይ ምሳሌ አይደለም። በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ ልክ እንዲህ ያለ ኮድ ነበር። የአገልግሎት ክፍያ ሲቀየር ሰርቨሩን ላለማቆም ሲባል ሪሎድ ተደረገ። ሂሳቡን የሚቆርጠው ክፍል በአዲሱ ተመን ቆረጠ። ደረሰኝ የሚያትመው ክፍል በድሮው አተመ። ደንበኞች ደረሰኛቸውንና የተቆረጠባቸውን ይዘው እየመጡ «ልዩነቱ የት ገባ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ኮዱን አሥር ጊዜ አነበብነው፣ ፋይሉ ላይ የሚታየው 7 ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዳታቤዙን ጠረጠርን። መስኮት ላይ ቆመው የነበሩትን ሰዎች ፊት አልረሳውም። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ፈንክሽን ላይ ሲሆን ደግሞ ምሳሌዬ በቂ አይደለም። ቀድማችሁ የያዛችሁት የድሮ ፈንክሽን የራሱን የድሮ ኮድ ነው ራን የሚያደርገው። ሞጁሉ ላይ ያለውን «ተመን» ሲፈልግ ግን ያንኑ ዲክሽነሪ ስለሚያይ አዲሱን ቁጥር ያገኛል። የድሮ ኮድ በአዲስ ዳታ። ይህን ዲበግ ማድረግ (ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት) በጣም ከባድ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ከሲስ ሞጁልስ ላይ ሰርዘህ እንደገና ኢምፖርት አድርግ» ብሎ ይመክራል። ይህ በእርግጥ አዲስ ጀበና ይጥዳል። የድሮው ግን አልተነሳም። ከእሱ የሚጠጡት እዚያው ናቸው። አሁን ቤት ውስጥ ሁለት ጀበና አለ። ክላስ (ኦብጀክቶች የሚሠሩበት ንድፍ) ካላችሁ ችግሩ ይብሳል። በድሮው ክላስ የተሠራ ኦብጀክት ለአዲሱ ክላስ ባዳ ነው። ስማቸው አንድ፣ ኮዳቸው አንድ፣ «ይህ የዚያ ዓይነት ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ፓይተን «አይደለም» ይላችኋል። ልክም ነው፣ ሁለት የተለያዩ ክላሶች ናቸው።

ሰርቨር ላይ 4 ወርከር (ያንኑ ፕሮግራም ለየብቻቸው የሚያሠሩ ፕሮሰሶች) ካስነሳችሁ ደግሞ አራት ቤት፣ አራት ጀበና ማለት ነው። ሪሎድ የሚነካው የተጠራበትን ፕሮሰስ ብቻ ነው። ገጹን ሪፍሬሽ ባደረጋችሁ ቁጥር አንዴ አዲሱን አንዴ የድሮውን ካያችሁ ከዚህ ነው።

ስለ ዳይናሚክ ኢምፖርት ካነሳን ሳልናገር የማላልፈው ሌላም አለ። የሞጁሉን ስም በፍጹም በቀጥታ ከተጠቃሚ አትቀበሉ። ኢምፖርት ማድረግ ፋይሉን ራን ማድረግ ነው፤ አንድም ፈንክሽን ሳትጠሩ ኮዱ ይሠራል። የተፈቀዱትን ስሞች ዝርዝር ያዙ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን ውድቅ አድርጉ። ፕሮግራማችሁን በ«ፓይኢንስቶለር» (የፓይተን ፕሮግራምን ከነሞጁሎቹ አሽጎ ለደንበኛ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምታሽጉ ከሆነ ደግሞ፣ በስትሪንግ የተጠራን ሞጁል መሣሪያው በራሱ ላያገኘው ይችላል። እናንተ ካልነገራችሁት እናንተ ኮምፒውተር ላይ የሠራው ደንበኛው ጋ ሲደርስ «ሞጁሉ አልተገኘም» ይላል። ፕሮግራሙ እየሠራ አዲስ ፋይል ፈጥራችሁ ወዲያው የምትጭኑ ከሆነም «ኢንቫሊዴት ካሽስ» የሚባለውን ፈንክሽን ቀድማችሁ መጥራት አለባችሁ። ፓይተን የፎልደሩን ዝርዝር ስለሚይዝ፣ ፋይሉ ዓይናችሁ እያየው የለም ሊላችሁ ይችላል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የእሱ ቁጥር ኮድ አይደለም፣ ዳታ ነው። የሚለዋወጥ ዳታ ሞጁል ውስጥ መቀመጥ አልነበረበትም። ወደ ጄሰን ፋይል (ዳታ ብቻ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) አወጣነው፣ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ፋይሉን ከፍቶ ያነባል። አራት መስመር ነው። ቁጥሩ ተቀየረ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርንበት፦ ቁጥሩን የሚጽፈው ስክሪፕት መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ ጽፎ ይጨርስና በዋናው ፋይል ቦታ ይተካዋል። አለዚያ ፕሮግራሙ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ላይ ሊደርስ ይችላል።