ጣዖት ምንድን ነው? ምልክትስ መቼ ጣዖት ይሆናል?

አንገቱ ላይ መስቀል ያሰረ ሰው ጣዖት አምላኪ ነው? ሥዕል ፊት ቆሞ የሚጸልይስ? ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ሲከራከሩ ጥቅስ መወራወር ይቀናቸዋል። ጣዖት ማለት ምን እንደሆነ ግን ቀድመው አይስማሙም።

ባጭሩ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮና መታመን ለሌላ ነገር ስንሰጥ ያ ነገር ጣዖት ይሆናል። የግድ ሐውልት መሆን የለበትም። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መጎምጀትን ራሱን ጣዖት ማምለክ ብሎታል። ምልክት ደግሞ ከራሱ አልፎ ሌላውን የሚያስታውስ ነው። ችግሩ አንዱ ነገር ሁለቱንም ሊሆን መቻሉ ላይ ነው።

ለዚህ ከናሱ እባብ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዘኍልቍ 21 ላይ ሕዝቡ በእባብ እየተነደፈ ያልቃል። እግዚአብሔር ሙሴን የናስ እባብ ሠርቶ ከፍ አድርጎ እንዲሰቅል ያዘዋል። የተነደፈ ሰው ቀና ብሎ ያየዋል፤ በሕይወትም ይኖራል። ልብ በሉ፣ የተቀረጸ ምስል አታድርግ ያለውም እባቡን ሥራ ያለውም አንድ አምላክ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ያው እባብ 2ኛ ነገሥት 18 ላይ ብቅ ይላል። አሁን ዕጣን ይታጠንለታል። ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ሙሴ ነው የሠራው፣ ቅርስ ነው ብሎ አልራራለትም። ደግሞ የሚገርመው፣ ኢየሱስ ዮሐንስ 3 ላይ ስለ ራሱ መሰቀል ሲናገር የጠቀሰው ይህንኑ እባብ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ የእጅ ሥራን በጅምላ የሚከለክል አይመስለኝም። ምስልን የከለከለው ዘጸአት 20 ነው። ምዕራፍ 25 ላይ ግን በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት የወርቅ ኪሩቤል እንዲሠሩ ይታዘዛል።

«ልቤ ንጹሕ ነው» ማለት ታዲያ ይበቃል? አይበቃም። አሮን የወርቁን ጥጃ ከሠራ በኋላ ምን ብሎ አወጀ? ነገ የእግዚአብሔር በዓል ነው አለ። የባዕድ አምላክ ስም እንኳ አልጠራም። በትክክለኛው አምላክ ስም ጣዖት ማቆም ይቻላል ማለት ነው። 1ኛ ሳሙኤል 4 ደግሞ ሌላ መልኩን ያሳያል። እስራኤላውያን በፍልስጥኤማውያን ሲሸነፉ ታቦቱን ከሴሎ አምጥተው ጦር ሜዳ አወጡት። ያድነናል ብለው ነው። ታቦቱ ቅዱስ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ክታብ ያዙት። 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። በ8ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ነገሥታት ሥዕሎች እንዲነሡ አዘዙ። ብዙ ደም ያፋሰሰ ጠብ ሆነ። በ787 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኒቅያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጥ አክብሮት በሥዕሉ ላይ ወደ ተሣለው ያልፋል፣ አምልኮ ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ኦርቶዶክሶች የጸጋ ስግደት (የአክብሮት) እና የአምልኮት ስግደት (ለእግዚአብሔር ብቻ የሚሆን) ብለው የሚለዩትም በዚሁ መንገድ ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ፕሮቴስታንትነትን የጀመሩት የተሐድሶ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ይህ አልተዋጠላቸውም። በ1524 (በአውሮፓውያኑ) ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ሥዕሎችና ሐውልቶች ከአብያተ ክርስቲያናት ወጡ። የተሐድሶው መሪ ሉተር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጀርመን፣ ዊተንበርግ ላይ ሰዎች ሥዕሎችን በጉልበት ማፍረስ ሲጀምሩ ድርጊታቸውን በመቃወም ሰብኳል። እሱ መጀመሪያ ከልብ ይውጣ ባይ ነበር።

እውነት ለመናገር የሥዕል ተቃዋሚዎቹ ስጋት ቀላል አይደለም። የሁለቱ ስግደቶች ልዩነት ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ነው። ልጁ የታመመበት ሰው ሥዕል ፊት ሲወድቅ ግን የትኛውን ስግደት እየሰገደ እንደሆነ ቆም ብሎ አያስብም። በናሱ እባብ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ዕጣኑ በአንድ ቀን አልተጀመረም።

ግድግዳውን ባዶ ማድረግም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። መጽሐፍ ቅዱስን ሳይከፍት ከትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ አለ፣ ክፉ እንዳይነካው። ሥዕል የለውም፤ መስቀል የለውም። መጽሐፉን የያዘው ግን እስራኤላውያን ታቦቱን እንደያዙት ነው።