የእንጨት ቼዝ አሰባሰብና የዲዛይን ዳኝነት፦ ከስታውንተን እስከ ዱብሮቭኒክ

የእንጨት ቼዝ መሰብሰብ እንደ ቴምብር የራሱ ገበያ፣ የራሱ ጨረታና የራሱ አዋቂ ያለው ነገር ነው፣ የሚለየው ግን ቼዙን ሰው ከመደርደሪያ አውጥቶ ይጫወትበታል። ስለዚህ ዲዛይኑን የሚዳኘው አይን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። እኔ የማደላው ለጨዋታው ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ሲታይ አፍ የሚያስከፍት ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቢሾፑን ከወታደሩ ለመለየት የሚያስቸግር ከሆነ እሱ የሳሎን ጌጥ ነው፣ እንደ ጌጥ ይሸጥ።

ችግሩ የቆየ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አውሮፓ ውስጥ ሁሉም በየራሱ ቅርጽ ነበር የሚጫወተው። እንግሊዞች ባርሊኮርንና ሴንት ጆርጅ የሚባሉት ነበሯቸው፣ ፈረንሳዮች በታወቀው የፓሪስ የቼዝ ካፌ ስም የሚጠራው ሬዣንስ፣ ጀርመኖች ደግሞ ሴሌኑስ የሚባል አክሊል በአክሊል ላይ የተደረደረበት ቀጭንና ረጅም ነገር። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚህን ይወዷቸዋል፣ እውነትም ቶርኖ በሚባለው የሚሽከረከር የእንጨት መቅረጫ የተሰራው ስራቸው ይገርማል፣ ግን ንግስቷና ቢሾፑ ይምታታሉ፣ እጅጌ ነካ ሲያደርጋቸው ይወድቃሉ፣ ከሌላ አገር የመጣ ተጫዋች ደግሞ መጀመሪያ የትኛው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት።

ይሄን ያስተካከለው ናትናኤል ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ማርች 1 ቀን 1849 ያስመዘገበው ዲዛይን ነው። ያመረተው የለንደኑ ጄክስ ድርጅት ሲሆን ስሙን የሰጠው ግን የዘመኑ ትልቅ ተጫዋች ሃዋርድ ስታውንተን ነው። ስታውንተን ጋዜጣ ላይ የቼዝ አምድ ነበረው፣ እዛው ላይ አሞገሰው፣ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም ፊርማው ያለበት ነበር፣ በአሁን አነጋገር ኢንፍሉዌንሰር ማለት ነው። ነጩ በቦክስውድ ጥቁሩ በኢቦኒ እንጨት የተሰራው ዋጋ 35 ሽልንግ ነበር፣ ከስሩ እርሳስ የተሞላው 45። ዲዛይኑ የሰራበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ሁሉም ጠጠር አናቱ ላይ ምልክቱን ይዟል፣ ንጉሱ መስቀል ያለው ዘውድ፣ ንግስቷ ጥርስ ጥርስ ያለው አክሊል፣ ቢሾፑ የጳጳስ ቆብ፣ ሩኩ የግንብ አናት፣ ከዛ በታች ያለው አንገትና ሰፊ መቀመጫ ግን ለሁሉም አንድ አይነት ነው። አይናችሁ አናቱን ብቻ ያነባል፣ ሌላው አይረብሽም።

ፈረሱ ግን ለብቻው የሚወራ ነው። ሌሎቹ አምስቱ ቶርኖ ላይ ይሽከረከራሉ፣ ፈረስ ግን በእጅ ይቀረጻል፣ ለዚህ ነው የዋጋው ትልቁ ድርሻ እሱ ላይ የሚሆነው። የስታውንተን ፈረስ ከአቴንስ ፓርተኖን ተወስዶ ብሪቲሽ ሙዚየም ካለው የሴሌኔ ፈረስ ጭንቅላት እንደተቀዳ ይነገራል፣ በጥንቶቹ የጄክስ ፈረሶች ላይ የተከፈተውን አፍንጫና የመንጋጋውን መስመር ያየ ሰው ለማመን አይቸገርም። ሰብሳቢ ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነሳው ፈረሱን ነው፣ ጋማው በስንት ቢላ ተቆረጠ፣ ጥርሱ ይታያል ወይ፣ አራቱ ፈረሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ ወይ። በርካሽ ስራ አራቱም የተለያየ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

ለጨዋታ ሲመዘን ደግሞ መነሻ የሚሆነው የአለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊዴ ልክ ነው። ንጉስ 9.5 ሴንቲሜትር፣ ንግስት 8.5፣ ቢሾፕ 7፣ ፈረስ 6፣ ሩክ 5.5፣ ወታደር 5 ሴንቲሜትር፣ እስከ 10 ፐርሰንት ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም ግን የቁመት ተራው መዛባት የለበትም። መቀመጫው የቁመቱን ከ40 እስከ 50 ፐርሰንት ያህል ይሰፋል። የቦርዱ ካሬ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሆኖ ጎኑ የወታደሩን መቀመጫ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት፣ ይሄን ለማየት ሜትር አያስፈልግም፣ አራት ወታደር ወስዶ አንድ ካሬ ላይ ሁለት በሁለት ማቆም ነው፣ ልክክ ብለው ከገቡ ጠጠሩና ቦርዱ ተስማምተዋል፣ ሰፊ ቦታ ከተረፈ ቦርዱ በዝቷል፣ ካልገቡ ደግሞ ጨዋታው መሃል ላይ ይጨናነቃል። ከዛ ከ15 ሙቭ በኋላ ያለ አንድ ፖዚሽን ደርድሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው፣ በብዥታም ቢሆን ሁሉም መለየት አለባቸው። ንጉሱን በጣት ገፋ አድርጋችሁ አዘንብሉት፣ ተወላግዶ ራሱ ከተመለሰ ክብደቱ ከታች ነው ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽም ፊዴ አይመክረውም፣ ልክ ነው፣ አምፖል ስር ስትጫወቱ አይን ያደክማል፣ የሚገርመው ግን ገዢ ፎቶ ላይ የሚማረከው በዛው በሚያብረቀርቀው ነው።

አሮጌ የሚሰበስብ ሰው ጨዋታው ሌላ ነው፣ እሱ መርማሪ ፖሊስ ይሆናል። የጄክስ ስም ንጉሱ መቀመጫ ጠርዝ ላይ ተመቶ ይገኛል፣ በንጉስ በኩል የሚቆሙት ፈረስና ሩክ አናት ላይ ደግሞ ትንሽ የዘውድ ማህተም አለች፣ ያኔ ሙቭ የሚጻፈው የንጉስ ፈረስ፣ የንግስት ፈረስ እየተባለ ስለነበር የትኛው የማን እንደሆነ ከመሃል ጨዋታም በኋላ ለማወቅ ነው። ቦክስውድ በእድሜ ብዛት ወደ ማር ቀለም ይሄዳል፣ ኢቦኒ ደግሞ ሙቀት ሲፈራረቅበት በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ እውነተኛ ኢቦኒ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ ቦክስውድ የሚለውን ለማወቅ ጣት የሚበዛባቸውን ቦታዎች ማየት ነው፣ ወታደሩ አናት ላይ ቀለሙ ሳስቶ ቡኒ ብቅ ካለ ቀለም ነው። ቀድመው የሚሰበሩት የንጉሱ መስቀል፣ የፈረሱ ጆሮና የሩኩ ጥርሶች ናቸው፣ መስቀሉ የተተካ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ አዲስ ቫርኒሽ የተቀባማ ሰብሳቢ ፊቱን ያዞርበታል፣ ከስሩ ያለው ጨርቅ ቢቀየር ግን ብዙ ችግር የለም። ፎርጅድም አለ፣ ኮፒ ጠጠር ላይ ማህተም መትቶ የድሮ ሳጥን ውስጥ መክተት ከባድ አይደለምና። እንጨት ባይሆንም የገበያውን እብደት ለማየት ስኮትላንድ ውስጥ ሉዊስ ደሴት ላይ የተገኙትን፣ ዋልረስ ከሚባል የባህር እንስሳ ጥርስ የተሰሩ የድሮ ጠጠሮች መጥቀስ ይበቃል፣ ከነሱ አንዱ በ1964 በ5 ፓውንድ ተገዝቶ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ኖሮ በ2019 በ735,000 ፓውንድ ተሸጧል።

ከእንግሊዙ ወጣ ስንል የምስራቅ አውሮፓ ስራዎች አሉ፣ ለኔ ጣፋጮቹ እነዚህ ናቸው። በ1950 ዩጎዝላቪያ ዱብሮቭኒክ ከተማ ላይ የአገሮች የቼዝ ውድድር የሆነውን ኦሎምፒያድ ስታዘጋጅ ለውድድሩ ተብሎ የተሰራው ቼዝ ንጉሱ መስቀል የለውም፣ ቢሾፑም ቆቡ ላይ መሰንጠቂያ የለውም፣ ፈረሱ ጥርስ ምናምን ሳይኖረው በጥቂት መስመር ያለቀ ነው። አሜሪካዊው የአለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በጣም ይወደው ነበር። የሶቪየቶቹ ደግሞ አብዛኛው ከበርች እንጨት የተሰራ፣ ቀለሙ ሻካራ፣ አናታቸው ላይ በተቃራኒ ቀለም ትንሽ እንክብል ያለች፣ በየክለቡ በየፓርኩ የተደበደቡ ናቸው፣ ድሮ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር አሁን ግን ሰው ይሻማባቸዋል። ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ዌይማር ከተማ ሳለ፣ ጆዜፍ ሃርትቪግ በ1923 እና 24 የሰራው ደግሞ ሌላ ሃሳብ ነው፣ ቅርጹ አረማመዱን ይናገራል፣ ፈረሱ የኤል ቅርጽ ነው፣ ቢሾፑ ሰያፍ መስቀል፣ ሩኩ በቃ ኪዩብ። ብልህ ነው፣ ሲጫወቱበት ግን ማንም ንጉሱን ከሩቅ አያውቀውም።

የኛው ሰንጠረዥ፣ የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ይገባል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግራዩ ራስ ወልደ ስላሴ ሲጫወቱ ያየውን ሲጽፍ ጠጠሮቹ የዝሆን ጥርስ፣ ትላልቅና ሻካራ እንደነበሩ፣ የጠላትን ጠጠር ሲበሉም በሃይል መትተው ከቦታው እንደሚያስወግዱት ይናገራል። ሶልት ሻካራ ሲል እንደ ጉድለት ነው፣ እኔ ግን ለጨዋታው የሚስማማ ዲዛይን ነው እላለሁ፣ ሰንጠረዥ ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፣ መበላላት እስኪጀመር ድረስ በፍጥነት ነው፣ እንዲህ ባለ ግርግር ቀጭን አንገት ያለው የጀርመን ጠጠር አንድ ቀን አያድርም። ቦርዱም ጥቁርና ነጭ ካሬ ሳይኖረው ጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ ይከፈል ነበር።

ዛሬ አዲስ የእንጨት ቼዝ ሲገዛ አብዛኛው የሚመጣው ከህንድ አምሪትሳር ነው። እዛ ያሉት ባለሙያዎች ድሮ በዝሆን ጥርስ ይሰሩ ነበር፣ ንግዱ ሲከለከል ወደ እንጨት ዞሩ፣ ነጩን በቦክስውድ ጥቁሩን በሺሻም፣ በሮዝውድ ወይም በኢቦኒ ይሰራሉ። ከ2017 ጀምሮ ሮዝውድና ሺሻም ያሉበት የዳልበርጂያ ዘር በሙሉ ሳይቴስ በሚባለው ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና እጽዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ስለገባ ከአገር አገር ሲሻገር ወረቀት ይጠየቅ ነበር፣ በ2019 ግን በትንሽ መጠን ለሚላክ ያለቀለት እቃ ህጉ ላላ። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ቶርኖ ላይ ከወጣ ደግሞ የትም ዲዛይን ቢሆን ትልልቆቹ፣ በተለይ ንጉሱ፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃሉ። ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፈረሱን በጎን ብቻ አንስቶ ከለጠፈ ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ይጠይቅ፣ ከጎን አምሮ ከፊት ፊቱ የተጣመመ ፈረስ በጣም ብዙ ነው።