በተሞክሮ መማር ሲባል ምን ማለት ነው?
ተማሪዎችን ሙዚየም መውሰድ ወይም ቤተ ሙከራ ማስገባት ብቻውን በተሞክሮ መማር አይባልም። ብዙ ወላጆችም መምህራንም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ዴቪድ ኮልብ በ1984 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ማዕቀፍ ሂደቱ አራት ደረጃዎች አሉት፦ መሥራት፣ የሆነውን መለስ ብሎ ማጤን፣ ከዚያ ሐሳብ ማውጣት፣ ሐሳቡን በአዲስ ሁኔታ መፈተሽ።

ባቄላ ማብቀልን እንውሰድ። በ3 ብርጭቆዎች 10፣ 10 ፍሬ ይቀመጣል (ክክ ሳይሆን ሙሉው)፦ አንዱ ደረቅ ጥጥ ላይ፣ ሁለተኛው እርጥብ ጥጥ ላይ፣ ሦስተኛው ውሃ በሞላበት። ተማሪዎቹ አስቀድመው ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ኋላ ሁሉም «አውቄው ነበር» ይላል። ለሳምንት ያህል በየቀኑ የበቀለውን ይቆጥራሉ። እርጥቡ ላይ ያለው ሲበቅል፣ ውሃ የዋጠው አብዛኛውን ጊዜ ይበሰብሳል። «ተክል ውሃ ይፈልጋል» ብሎ የተማረ ልጅ እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ትልቁ ዕድል ይኸው ነው! መምህሩ ቸኩሎ «ኦክስጅን ስላጣ ነው» ካለ ግን ማጤኑም ሐሳብ ማውጣቱም ይቀራል። ይልቅ ይጠይቅ፦ ምን አያችሁ? ከግምታችሁ ምኑ ተለየ? ዘሩ ምን ያጣ ይመስላችኋል? ለዚህ ውይይት ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 15ቱ ይመደብ።

በብዛት የሚዘለለው አራተኛው ደረጃ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ቀጣዩን ሙከራ ይንደፉ፤ ለምሳሌ ግማሽ አካሉ ብቻ ውሃ ውስጥ የገባ ፍሬ ይበቅል እንደሆነ። ነጥብ የሚሰጠውም ለምክንያታቸው ይሁን። በበቀለው ፍሬ ብዛት ከተሰጠ ልጆች ቁጥሩን ማሳመር ይጀምራሉ።