ከሕልሙ በፊት የነበረው ጥላቻ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ሐዋሳ ሰፊ ከተማ ብትሆንም፣ በየሰፈራችን ግን ዛሬም በእድርና በሰንበቴ ተሳስረን፣ ቡና ተጠራርተን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል ቅጽር ጎን ለጎን ቆመን የምንኖር ሰዎች ነን። እንዲህ ተቀራርቦ የሚኖር ሰው ቅሬታውን እንዳይናገር ይሉኝታ ይይዘውና በሆዱ ያስቀረዋል። ቀን በሆድ የቀረው ሌሊት በሕልም ሲመጣ ጎረቤታችን ስታሳድደን፣ የሞተ ዘመድ ፊቱን ሲያዞርብን እናያለን፤ ጠዋትም ሕልሙን ይዘን ወደ ቡናው እንሄዳለን። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» እየተባለ፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ በንጹሕ ሰው ላይ ይፈረድበታል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

በዘፍጥረት 37 የዮሴፍ ወንድሞች የጠሉት በሕልሙ ምክንያት ይመስለናል። ሆኖም የሕልሙ ነገር የሚጀምረው በቁጥር 5 ሲሆን፣ እንደ ጠሉትና በሰላም ሊናገሩት እንዳልቻሉ የተጻፈው አስቀድሞ በቁጥር 4 ነው። ሕልሙ የነበረውን ጥላቻ አባሰው እንጂ አልወለደውም። እነርሱ ጥላቻቸውን ሰላምታ በመንፈግ አሳይተዋል፤ እኛ ግን ተሳስመን፣ የልጆችን ደኅንነት ጠይቀን፣ ቂሙን እንደያዝን እንለያያለን።

ሕልም ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፤ ለዳንኤል ራእዩን ያስረዳው ራሱ ቅዱስ ገብርኤል ነው። ነገር ግን መክብብ 5፥3 ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣም ይናገራልና፣ ያየነውን ሁሉ መልእክት አድርገን አንያዝ። ቅዠት እየተደጋገመ እንቅልፍ የነሳው ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድም የእምነት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ በሕልማችን የመጣችውን ጎረቤት ጠላት ከማድረጋችን በፊት፣ እኔ በእርስዋ ላይ ምን ይዤባታለሁ ብለን እንጠይቅ። ሐዋርያው በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ያዘዘን ስለሆነ፣ ለዚህ ጥያቄ የጸሎተ ንዋም፣ ማለትም የመኝታ ጸሎት፣ ሰዓት የተመቸ ነው።

ዮሴፍ በዘፍጥረት 45 ወንድሞቹን ስሞ ሲያለቅስ፣ እነርሱ ይቅርታ ስለ መጠየቃቸው የተጻፈ ነገር የለም። ያዕቆብ በግብፅ በኖረባቸው 17 ዓመታት የዮሴፍን እንጀራ እየበሉ ኖሩ፤ አባታቸው በሞተ ጊዜ ግን «ይበቀለን ይሆናል» የሚለው ፍርሃት ወጣ። ይቅር የተባለ ሰው እንኳ በደሉን በአፉ ካልተናገረ ፍርሃቱ እንዲህ አብሮት ይኖራል። በምዕራፍ 50 እንደምናነበው አስቀድመው መልእክት ላኩ፤ ቀጥሎም ራሳቸው መጥተው በፊቱ ወደቁ፤ እርሱም አጽናናቸው፣ ልባቸውንም ደስ አሰኘ።

ወደ በደላችሁት ሰው ብቻችሁን መሄድ ቢከብዳችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም አንድ ሽማግሌ አስቀድሙ፤ ቃሉን ግን እናንተው ተናገሩት፣ በደሉንም በስሙ ጥሩት።