ማክሮ፣ አንደርስኮር እና ኢዝአልፋ፦ ስለ ሲ ሄደሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሄደር የሚያስገባልኝ የፈለግኩትን ፈንክሽን ብቻ ነው»

ሄደር በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የፈንክሽን መግለጫዎችንና ማክሮዎችን የያዘ፣ በ«ኢንክሉድ» ትእዛዝ ወደ ኮዳችሁ የሚገባ ፋይል ነው። ሄደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ እሱ ኢንክሉድ ያደረጋቸው ሌሎች ሄደሮችም ጭምር፣ ፋይላችሁ ውስጥ ይገባል። ክፉው ማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ነው፤ ስኮፕ (አንድ ስም የሚሠራበት የኮዱ ክልል) የሚባል ነገር አያውቅም። ከጂሊብሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) 2.28 በፊት ሲስ/ታይፕስ የተባለውን ሄደር ኢንክሉድ ስታደርጉ፣ የዲቫይስ ቁጥር የሚነጥሉት ሜጀር እና ማይነር የተባሉ ማክሮዎች ሳትጠሯቸው ይመጡ ነበር። የሶፍትዌር ቨርዥን የሚመልስ ሜጀር የሚል ፈንክሽን የጻፈ ሰው ኤረሩ ላይ ያይ የነበረው ማክሮው የተካውን ጂኤንዩ_ዴቭ_ሜጀር የሚል፣ ጽፎት የማያውቀው ስም ነው። ምን እንደገባ ለማየት ጂሲሲን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር) በ-ዲኤም እና በ-ኢ አስኪዱት፤ ማክሮዎቹን በሙሉ ይዘረዝራል። (ሊኑክስ የሚለው ቃል በትንንሽ ፊደል 1 ሆኖ ካገኛችሁት ጥፋቱ የሄደር አይደለም፤ ጂሲሲ ራሱ በነባሪ ሁነታው የሚጨምረው ነው።)

«በአንደርስኮር የሚጀምር ስም ከግጭት ያድናል»

ተቃራኒው ነው። በሁለት አንደርስኮር፣ ወይም በአንድ አንደርስኮርና በካፒታል ሌተር የሚጀምሩ ስሞች ለኮምፓይለሩና ለላይብረሪው የተያዙ ናቸው፤ ብዙ ሰው በአንደርስኮር እያስጀመረ የሚጽፈው የሄደር ጋርድም (ሄደሩ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከላከል ማክሮ) ከዚህ አያመልጥም። በ«ስትር» ጀምረው ትንሽ ፊደል የሚያስከትሉ የፈንክሽን ስሞችም እንዲሁ። በ2023 ጂሊብሲ 2.38 ስትርኤልሲፒዋይ የተባለውን ጽሑፍ የሚገለብጥ ፈንክሽን ሲጨምር፣ በዚሁ ስም የራሳቸው ስታቲክ (በአንድ ፋይል ብቻ የሚታይ) ፈንክሽን የነበራቸው ፕሮግራሞች ኮምፓይል አልሆን አሉ። የፕሮጀክታችሁን ስም ከፊት አስቀድሙ።

«ኢዝአልፋ ማንኛውንም ቻር ይቀበላል»

ኢዝአልፋ አንድ ካራክተር ፊደል መሆኑን የሚመረምር ፈንክሽን ነው፤ የሚቀበለው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ወይም ኢኦኤፍን (የፋይል መጨረሻ ምልክት) ብቻ ነው። ስህተቱ አማርኛ ጽሑፍ ላይ ወዲያው ይመጣል፦ «ሀ» በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ሦስት ባይት ናት፤ 225፣ 136፣ 128። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ሊኑክስ ቻርን (አንድ ባይት የሚይዘውን ዓይነት) ሳይንድ፣ ማለትም አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ፣ ስለሚያደርገው 225 የነበረው -31 ይሆናል፤ ፈንክሽኑም መልሱን ከሚፈልግበት ሠንጠረዥ መጀመሪያ በፊት ያለ ሚሞሪ ሊያነብና ፕሮግራሙ ክራሽ ሊያደርግ ይችላል። ጂሊብሲ ሠንጠረዡን ከ-128 ጀምሮ ስለሚዘረጋ ችግሩን ይሸፍነዋል፤ አርም ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ሊኑክስ ቻርን አንሳይንድ (አሉታዊ ቁጥር የማይዝ) ስለሚያደርግ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» ማስረጃ አይሆንም። ፈንክሽኑን ከመጥራት በፊት ቻሩን ወደ አንሳይንድ ቻር ካስት አድርጉ (ዓይነቱን ቀይሩ)። ይህ ግን ክራሹን እንጂ መልሱን አያስተካክልም፤ 225 ብቻውን ፊደል አይደለምና። «ሀ» ፊደል መሆኗን ለማወቅ የቋንቋ ቅንብሩን የሚያነሳውን ሴትሎካልን ጠርታችሁ፣ ባይቶቹን በኤምቢአርቶውሲ ወደ ዋይድ ካራክተር (ሙሉ ፊደሉን ወደሚይዝ አንድ ቁጥር) ቀይራችሁ፣ የዚህ ዓይነት ኢዝአልፋ የሆነውን ኢዝደብሊውአልፋን ጠይቁ።

«ጌትሲና ኤፍጌትሲ ምንም ልዩነት የላቸውም»

ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከፋይል አንድ ካራክተር ያነባሉ። ሆኖም ጌትሲ አርጊዩመንቱን (በቅንፍ የሚሰጠውን ዋጋ) ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያሰላ ማክሮ እንዲሆን ስታንዳርዱ ይፈቅዳል። ስለዚህ ፕላስ ፕላስ (በአንድ የሚጨምር ምልክት) ያለበትን ፖይንተር አትስጡት፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጨምር ይችላል። ማክሮውን ማለፍ ከፈለጋችሁ የፈንክሽኑን ስም በቅንፍ ማጠር ይበቃል፦ (ጌትሲ)(ኤፍ)።