ብሔራዊ መሪ ቃላት፦ በሳንቲም ላይ፣ በሕግ ውስጥ፣ በዜጋ አፍ

ብሔራዊ መሪ ቃል አንድ አገር ማንነቱን ወይም ምኞቱን በጥቂት ቃላት አሳጥሮ የሚናገርበት ኦፊሴላዊ አባባል ነው። በአማርኛ «ብሔራዊ መፈክር» የሚሉትም አሉ፤ መፈክር ግን ከፉከራ ጋር የሥጋ ዝምድና ስላለው ሰልፍ ሰልፍ ይሸታል። መሪ ቃል ሰልፉ ከተበተነ በኋላም በማኅተሙ፣ በሳንቲሙና በፓስፖርቱ ላይ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ኢትዮጵያን ከሚመለከቱት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሪ ቃል ለዜጋ ምን እንደሚፈይድ ለማወቅ ከትርጉሙ በፊት የተጻፈበትን ቦታ ማየት ይበጃል። አንዳንዱ በሕገ መንግሥት ተደንግጓል፤ አንዳንዱ በተራ ሕግ ጸድቋል። የሕንድ «እውነት ብቻ ያሸንፋል» ከጥንታዊው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ከሙንዳካ ኡፓኒሻድ የተወሰደ ሲሆን በብሔራዊ አርማው ላይ ከጥንቱ ንጉሥ ከአሾካ አንበሶች ሥር ሰፍሯል። የስዊዘርላንድ «አንዱ ለሁሉም፣ ሁሉም ለአንዱ» ግን በርን በሚገኘው የፌዴራል ምክር ቤት ጉልላት ላይ በላቲን ቢጻፍም፣ መሪ ቃል ነው ብሎ የደነገገው ሕግ የለም፤ በልማድ ብቻ ይኖራል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሙግት ሲነሳ ነው፤ በልማድ የሚኖር ቃል ይጠቀሳል እንጂ አይከሰስበትም።

ለዚህ ከፈረንሳይ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። «ነፃነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት» ከ1789ኙ አብዮት ዘመን የመጣ ቢሆንም በሕገ መንግሥት የገባው በ1848 ነው። በመንግሥት ሕንፃዎች ግንባር ላይ የተቀረጸው ደግሞ ለ1880ው የጁላይ 14 በዓል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የቪሺ መንግሥት አንሥቶት «ሥራ፣ ቤተሰብ፣ አገር» አለ፤ አገዛዙ ሲወድቅ የቀድሞው ተመለሰ። ዛሬ በ1958ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ ይገኛል።

ከሦስቱ ቃላት ነፃነትንና እኩልነትን ዳኞች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩባቸው ኖረዋል። ወንድማማችነት ግን የንግግር ማሳመሪያ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በጣሊያን ድንበር አጠገብ የሚኖር አንድ ገበሬ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች በመርዳቱ ተከሶ ጉዳዩ ሕጎችን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚያመሳክረው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ዘንድ ደረሰ። ምክር ቤቱ ጁላይ 6 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ ወንድማማችነት ሕገ መንግሥታዊ ዋጋ ያለው መርህ ነው አለ። ከዚህ መርህ፣ የተረጂው የመኖሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ ሌላውን ሰው በሰብዓዊነት የመርዳት ነፃነት ይመነጫል። በዚህም መሠረት ስደተኛን ማስጠለልን ብቻ ከቅጣት ነፃ ያደርግ የነበረው ድንጋጌ ጠባብ ሆኖ ተገኘ፤ አገር ውስጥ ያለን ሰው ከቦታ ቦታ ማድረስም በነፃነቱ ሥር ገባ። ድንበር ማሻገር ግን እንደተከለከለ ቀረ። ከሳንቲምና ከግድግዳ ላይ ወርዶ የወንጀል ሕግ ያስለወጠ መሪ ቃል እምብዛም አይገኝም።

በዚያው ዓመት የአገሪቱ የሴቶችና የወንዶች እኩልነት ከፍተኛ ምክር ቤት ሦስተኛው ቃል ሴቶችን ስለሚያስቀር በሌላ ይተካ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የአማርኛው ትርጉም ራሱ ነገሩን ያጋልጠዋል፤ «ወንድማማችነት» ስንል እኅቶችን ወዴት እንዳደረስናቸው አይታወቅም። ቃሉ ግን አልተለወጠም።

በአሜሪካ ሁለት መሪ ቃላት ጎን ለጎን ይኖራሉ። በላቲን የተጻፈው «ከብዙዎች አንድ» ከ1782 ጀምሮ በመንግሥቱ ማኅተም ላይ አለ፤ በላቲን ሲጻፍ ፊደሎቹ 13 ናቸው፣ መሥራቾቹ ግዛቶችም 13 ነበሩ። በሕግ ብሔራዊ መሪ ቃል የሆነው ግን በ1956 የጸደቀው «በእግዚአብሔር እንታመናለን» ነው። ይህ ቃል መጀመሪያ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በ1864፣ ዋጋው ሁለት ሴንት በሆነ ሳንቲም ላይ ወጥቶ ነበር። አምላክ የለሾችና ሌሎች ዜጎች መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ በሚለው ድንጋጌ ደጋግመው ከሰዋል። በ1970 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቃሉ የአገር ፍቅርና የሥነ ሥርዓት ጠባይ ያለው እንጂ የሃይማኖት ማቋቋሚያ አይደለም ሲል ወሰነ። ለአማኙ ይህ ድል ያዘለ ሽንፈት ይመስላል፤ ቃሉ የዳነው ሃይማኖታዊ ፍሬው ተቀንሶለት ነውና።

ብዙ ቋንቋ ያላቸው አገሮች ደግሞ ቃሉን በማን ቋንቋ እንጻፈው በሚለው ይቸገራሉ። ኢንዶኔዥያ «በብዝኃነት አንድነት»ን የወሰደችው በጥንታዊ ጃቫኛ ከተጻፈ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም ነው። ግጥሙ የሚናገረው ስለ ሺቫና ስለ ቡድሃ አንድነት ሲሆን፣ ዛሬ የሚተረጎመው ስለ ደሴቶቹና ስለ ሕዝቦቹ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከዚህም ራቅ ብላ ሄደች። በ2000 የላቲኑን ትታ፣ «ልዩ ልዩ ሕዝቦች ይተባበሩ» የሚል ቃል በኻም ቋንቋ አጸደቀች። ኻም የደቡባዊ አፍሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ከሆኑት ከሳን ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን አፉን የፈታበት ሰው ዛሬ የለም። የምናውቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተናጋሪዎቹ አፍ ተለቅሞ ስለተጻፈ ነው። በአርማው ላይ ሲነበብ የቃለ አጋኖ ምልክትና ቀጥ ያሉ መስመሮች በፊደላቱ መካከል ይታያሉ፤ እነዚህ ምላስን በማስጮህ የሚወጡ ድምፆች ምልክቶች ናቸው። የማንም ስላልሆነ ማንንም አያስቀይምም፤ ማንም አጥርቶ አይለውምም። በሕይወት ያሉት የሳን ቋንቋዎች ከኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ዝርዝር ውጭ መሆናቸው ደግሞ ነገሩን መራራ ያደርገዋል።

ቦትስዋና በተቃራኒው አንድ ቃል ይበቃታል፦ «ፑላ»፣ ማለትም ዝናብ። አብዛኛው መሬቷ የካላሃሪ በረሃ በሆነባት አገር ዝናብ በረከትም ሀብትም ነው። ከ1976 ወዲህ የገንዘቧ ስምም ይኸው ነው። ንግግር ሲያልቅ ተናጋሪው «ፑላ!» ይላል፣ ሕዝቡም «ፑላ!» ብሎ ይመልሳል። ዜጋው በየቀኑ እየዘረዘረ የሚገበያይበትን መሪ ቃል ማንም እንዲያስታውሰው አያስፈልግም።

የኬንያው «ሃራምቤ»፣ በአንድነት መጎተት፣ ከቃልነት አልፎ አሠራር ሆኗል። ከነፃነት በኋላ ሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል፤ የሕክምናና የትምህርት ክፍያ መዋጮም ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ብልሽቱም ከዚያው መጣ። ፖለቲከኛው በአደባባይ ጠቀም ያለ ብር ሲያስቆጥር መዋጮው የምርጫ ዘመቻ ይሆናል፤ ሹሙ ቢሮው ድረስ የመጣን ባለጉዳይ «አዋጣ» ሲል ደግሞ ጉቦ ይሆናል። የ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች ሥነ ምግባር ሕግ ቢሮን የሃራምቤ መሰብሰቢያ ማድረግን የከለከለው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይል ነበር። ደርግ በ1966 «ኢትዮጵያ ትቅደም»ን አመጣ። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ አርማና ስለ ብሔራዊ መዝሙር ሲደነግግ ስለ መሪ ቃል አንቀጽ የለውም።

ሥርዓት ሲለወጥ መሪ ቃል አብሮ መለወጡ የተለመደ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ለውጥ ስለሆነ ይመስላል። ፈረንሳይኛ በሚጽፉ የአፍሪካ አገሮች መሪ ቃሉ ከአገሩ ስም ሥር በኦፊሴላዊ ወረቀቶች ራስጌ ላይ ስለሚታተም፣ የለውጡ ዱካ በዜጋው ሰነድ ላይ ይቀራል። ቡርኪና ፋሶ በ1984 «አገር ወይም ሞት፣ እናሸንፋለን» አለች፤ በ1990ዎቹ «አንድነት፣ እድገት፣ ፍትሕ» በሚል ተካችው፤ በ2024 የቀድሞውን መለሰች። በ1985 የተወለደ ዜጋ የልደት ወረቀቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና በቅርቡ ያወጣውን ሰነድ ቢደረድር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ቃል ይላሉ፣ መካከለኛው ሌላ።