«ታርቀዋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ደሴ ውስጥ ለቅሶ ቤትም ሆነ ታክሲ ላይ ሥራዬን የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ፆታን፣ ፖሊስንና ፍትሕን አጠናለሁ ስል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፦ «ሽማግሌ ባለበት አገር ፖሊስ ምን ቤት ነው?»

ከቀላሎቹ ልጀምር። ሥርዓተ ፆታ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው? አይደለም፤ ደብዳቢውም መርማሪውም ውስጡ አሉ። ሴት መርማሪ ከተመደበች ችግሩ ይፈታል? ይጠቅማል፤ ግን ሦስት ባለጉዳይ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል የተደፈረች ልጅ ቃሏን ለማን ትስጥ? ተመራማሪ ፖሊስን ሊከስ ነው የሚመጣው? እኔ እስካሁን የከሰስሁት የመዝገብ ቤት አቧራን ብቻ ነው።

«ከታረቁ አለቀ» የሚለው ግን ትዕግሥቴን ጨርሶታል። አበጋሮቻችን፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ የልጅ ልጅ የሚወርሰው ቂም ይበርዳል፤ ይህን የሚንቅ ወሎን አያውቅም። ጠለፋ ግን በዕርቅ የሚሰረዝ ወንጀል አይደለም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ይህን ቀዳዳ ደፍኖ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ጋብቻ ቢከተልም ክሱ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱም በባህል ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ፣ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይህን ለሕግ ተማሪዎች እንኳ በየዓመቱ እደግማለሁ።

አንድ መዝገብ አይረሳኝም። ልጅቷ ከገበያ ስትመለስ ተጠለፈች፤ ሦስት ምስክር ተቆጠረ። ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ አንዱ «አላየሁም» አለ፤ ሌላው ለአጨዳ ሄደ ተባለ፤ ሦስተኛው «ጨለማ ነበር» ብሎ ፈረመ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከቀኑ ስምንት ነው። መዝገቡ «በማስረጃ እጥረት» ተዘጋ። ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይህ ዕርቅ ተብሎ አይቆጠርም፤ ጥፋተኛም የለ፣ ቅጣትም የለ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ጠለፋ ቀንሷል ይለናል።

ሐይቅ ያለችው አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለሽማግሌዎች ቡና አፍልታለች። «ልጄ፣ ስንቱን ዕርቅ ከረከቦቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ፤ ልጅቱ ስትጠየቅ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም» አለችኝ።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች፣ የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ገልብጣችሁ አትምጡብኝ። ምስክሮቹ ቃላቸውን የለወጡበትን ቀን የዕርቁ ወረቀት ከተፈረመበት ቀን ጋር አስተያዩ። ካሳው ለማን እንደ ተከፈለም ጠይቁ። እኔ ባየኋቸው መዝገቦች ሁሉ የተቀበለው አባትየው ነው።